የገለቴ ቆዳ

ሰበታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዶክተር ኢተፋ፣
ቤይሩት

አከም ጅርታ ልጄ? ሰማይን ያለ ካስማ ያቆመ አምላክ አንተንም በሰው አገር ያቁምህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ ጠጅቱ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴ ተረፈችም ሰላም ትልሃለች። ጤፉ ጥሩ ይዟል፤ ዝናቡ ግን ውጣ ቢሉት የማይሰማ እንግዳ ሆኖብናል።

ደህና ነን ካልኩህ በኋላ ደህና ያልሆነውን ልንገርህ። ልጄ ገለቴ ታማለች። በመስከረም መጀመሪያ አፏ ውስጥ ቆሰለ። ምች ነው ብለን በዳማከሴ አሻሸናት። ከዚያ ደረቷና ጀርባዋ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ይወጣ ጀመር፤ ሲፈነዳ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይቀራል። ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ይጣበቅና ስታወልቀው ጩኸቷ ከብቶቹን ያስደነብራል። አንዱ አልማዝ ባለጭራ ነው ይላል፣ ሌላው የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው ይላል። እኔን የሚያስፈሩኝ ግን ምንም የማይሉት ናቸው። ምን እንዳሰቡ አውቃለሁ፤ የዚያን በሽታ ስም በደብዳቤ አልጽፈውም።

እንደምታውቀው ገለቴ ለሱሉልታው ለኦቦ ቦጂያ ልጅ ታጭታለች። ሠርጉ ለጥር ነበር። እኔም ቤቴን ሳላድስ አልድርም ብዬ ለሚመጣው ዓመት አስተላለፍኩት። ቤቴ ምንም እንዳልሆነ ቦጂያም ያውቃል።

ቆዳ ልትማር ስትሄድ «ቆዳ ከበሬ ጀርባ ሞልቶ ባሕር ምን ያሻግራል?» ብዬ የቀለድኩብህን ይቅር በለኝ። አሁን ምን እናድርግ? መልስህን በባለሱቁ በዲኖ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ላክልኝ፤ መርካቶ በወጣ ቁጥር ያመጣልኛል።

አጎትህ ቀጄላ ጃራ


ቤይሩት፣ ኅዳር 7 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለኦቦ ቀጄላ፣

ደጅዎ እንግዳ አይጣ፣ በረትዎ ጥጃ አይጣ። እናቴን ጉልበቷን ስለ እኔ ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ብርዱ ገና ነው፣ ሥራው ግን ፋታ የለውም።

ደብዳቤዎ መንገድ ላይ ብዙ ስለቆየ ያነበብኩት እየተናደድኩ ነው። የጻፉትን ለመምህሬ ተረጎምኩላቸው። አዛውንት ሐኪም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የሰው ቆዳ ሲያዩ የኖሩ። «መጀመሪያ አፏ ቆሰለ» ከሚለው ላይ ስደርስ ብዕራቸውን አስቀመጡና ደግመህ አንብብልኝ አሉኝ።

አጎቴ፣ በሩቅ ሆኖ በሽታ አይፈረድም። የምንጠረጥረው በሽታ ግን አለ። ደም ገላን ከጠላት ሊጠብቅ ሲገባው የገዛ ቆዳውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚዋጋበት በሽታ ነው። ይህ መሆኑ የታወቀው በቅርቡ ነው፤ ሐኪሞችም ገና እየተከራከሩበት ነው። ስሙን ሊጽፉት ያልወደዱት በሽታ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብራችኋት ብሉ፣ አብራችኋት ተኙ።

ካልታከመ ግን ይገድላል። ይህን ለእርስዎ መሸፈን አልችልም። ነገ ዛሬ ሳይሉ አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለኦቦ ቦጂያም እውነቱን ቢነግሯቸው ይሻላል።

ልጅዎ ኢተፋ


ሰበታ፣ ጥር 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶክተር ኢተፋ፣

በሄድህበት ሁሉ ፊትህን ብርሃን ይቅደመው። እናትህ ስምህ ሲነሳ ታለቅሳለች፤ ስትስቅም ታለቅሳለች፤ ለይቶ ማወቅ አቅቶናል።

እንዳልከኝ አደረግሁ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ እጁ ቀዝቃዛ፣ ንግግሩ ጥቂት። ደህና የነበረውን የክንዷን ቆዳ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ገፋ ቢያደርገው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሸርተት አለ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ከጀርባዋ ቆርሶ ጠርሙስ ውስጥ ከተተ። «የልጄን ሥጋ ወዴት ትወስደዋለህ?» አልኩት። አስተርጓሚዋ ነርስ ይህን አልተረጎመችለትም መሰለኝ፣ ጠርሙሱን ከደነው።

መልሱ ሲመጣ ያው እናንተ ያላችሁት በሽታ ሆነ። አስተኛትና ትንንሽ ነጭ ክኒን በብዛት ይሰጣት ጀመር። ኢተፋ፣ ባላይ አላምንም ነበር። ውኃ የሚቋጥረው ቆመ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ አፏም ተሽሎ እንጀራ በበርበሬ በላች። ተረፈች ነርሷን እግሯን ልትስም ወድቃ በግድ ነው ያነሳናት። አሁን ገለቴ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት ክኒኗን በወተት ትወስዳለች፤ በጾም ቀን በአጃ አጥሚት።

ለቦጂያ ግን አልነገርኩም። ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ብያለሁ። አትቆጣኝ፤ ሱሉልታና ሰበታ በአፍ ቅርብ ናቸው። ክኒኑ አዲስ አበባ አንዳንዴ ይጠፋልና እባክህ ከዚያ ላክልን።

አጎትህ ቀጄላ


ቤይሩት፣ የካቲት 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ልብዎን ያሳረፈ አምላክ ስሙ ይክበር። ደብዳቤዎን አንብቤ ከአገሬ ሰው ርቄ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እንጀራ በበርበሬ ያሉት ላይ።

ወደ አገር በሚመለስ ተማሪ እጅ ክኒን ልኬያለሁ። ስለ አወሳሰዱ ግን በደንብ ያድምጡኝ። እዚህ ሐኪሞቹ በሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን በትንሹ ተጀምሮ ቁስሉን እያዩ ይጨመር ይላል። መምህሬና የእናንተው ፈረንጅ ግን በብዙ ጀምረው በሽታውን ካስተኙት በኋላ በጣም በዝግታ መቀነስን ይመርጣሉ። መቀነሱ ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት ይፈጃል። እኛ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ክኒኑ ውስጥ ያለው ነገር ከሰው ገላም ይመነጫል፤ ከኩላሊት በላይ ያለች ትንሽ ዕጢ ትሠራዋለች። ከውጭ በብዛት ሲመጣላት ግን ሥራዋን ትተዋለች። ቅጥር አራሽ ሲመጣ የቤቱ ልጅ ሞፈር ሰቅሎ ይተኛ የለ? አራሹን በአንድ ቀን ካባረሩት ልጁ አይነቃም፣ እርሻውም ጦም ያድራል። ክኒኑም ድንገት ከተቋረጠ ገላ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ የሚቀንስላት ሐኪሙ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ፊቷ ክብ ይሆናል፣ ጉንጯ ይሞላል፣ ከንፈሯ ላይም ጸጉር ሊወጣ ይችላል። የመድኃኒቱ ሥራ ነውና ወፈረች ብላችሁ አትደሰቱ። ገለቴንም አታሹፉባት።

ልጅዎ ኢተፋ


ሰበታ፣ ግንቦት 30 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶክተር ኢተፋ፣

ስምህን የሚያነሳ አንደበት ሁሉ በመልካም ያንሳህ። ዘግይቼ የጻፍኩት ስለ ሰነፍሁ አይደለም፣ የምጽፈው ስለ ጠፋኝ ነው።

ገለቴ ጉንጯ እንዳልከው ሞላ። አትደሰቱ ብትልም መንደሩ ተደሰተ። «ቀጄላ ልጁን ቅቤ አበላት» ይሉኛል። እሷም ቀልድ አላቆመችም፤ «አባዬ፣ ሱሉልታ ጉንጬ ቀድሞኝ ይገባል» ትለኛለች። ያሳቀኝን ያህል ያን ቀን አለቀስኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ኦቦ ቦጂያ ሳይልክብኝ በበቅሎ ደጄ ከተፍ አለ። ገለቴ ክኒኗን አፏ ውስጥ ልትጨምር ስትል ነው የደረሰባት። ሰላምታ ሳይጨርስ፣

«ቀጄላ፣ ልጅቷ ታማለች እንዴ?» አለ።

«ታማ ነበር፣ አሁን ድናለች።»

«የዳነ ሰው ምን ይውጣል?»

አንተ ብትሆን ያን የአራሹንና የሞፈሩን ነገር ትነግረው ነበር። እኔ ቡና አፍሉ አልኩ። ቦጂያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንድ ልጅ ነው ያለው። የሚስቱ አጎት በዚያ ስሙን በማልጠራው በሽታ ጣቶቹን አጥቶ ከሰው ተለይቶ ነው የሞተው። ስለዚህ ሠርጉ በኅዳር እንዲሆን፣ እስከዚያ ግን ያለ ክኒን ስትኖር እንዲያያት ይፈልጋል።

አሁን ከአንተ የምሻው ክኒን አይደለም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ላክልኝ። ገለቴ ፈጽማ ድናለች የሚል።

አጎትህ ቀጄላ


ቤይሩት፣ ሰኔ 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

የቤትዎን ሰላም የሚያናጋ ነገር ሁሉ ከደጅዎ ይራቅ። ለእናቴም ሻርፕ ልኬላታለሁ።

የላኩልኝን ጥያቄ ደጋግሜ አሰብኩበት። ፈጽማ ድናለች ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ሐሰት ነው። በሽታው ተኝቷል እንጂ አልሄደም። ነገር ግን መምህሬም እኔም የፈረምንበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። በሽታው የሥጋ ደዌ እንዳልሆነ፣ ለባሏም ለልጆቿም እንደማይተላለፍ ይላል። ይህ እውነት ስለሆነ በማንም ፊት ይቁሙበት።

አጎቴ፣ ክኒኑን እንዳታቆሙ። በክረምት ብርድ ቢመታት ወይም ቢያተኩሳት እንኳ ይጨመርላታል እንጂ አይቀነስም። ከተራራ መንደር ስለመጣ አንድ በሽተኛችን ልጽፍልዎ ጀምሬ ነበር፤ እርስዎን ማስፈራራት እንዳይሆን ብዬ ሰረዝኩት። ብቻ እሺ ይበሉኝ። ገለቴንም «ወንድምሽ እንዲህ ይላል» ብለው ራስዎ ያንብቡላት።

ልጅዎ ኢተፋ


ሰበታ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶክተር ኢተፋ፣

እድሜህ ይርዘም፣ ጠላትህ ይነስ። ክረምቱ ከብዷል፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ዲኖም እንደ ልቡ አይመላለስም።

ወረቀትህን ለቦጂያ ሰጠሁት። ልጁ አነበበለት። ቦጂያ ገልብጦ ጀርባውን አየና «አይተላለፍም ይላል፤ የለባትም አይልም» አለ። ሰው ማንበብ ባይችል ይህን ያህል አያስብም ያለው ማነው?

ሽማግሌዎች ገቡበትና እንዲህ ተስማማን። ገለቴ በፍልሰታ ቡራዩ ወርዳ ሁለት ሱባዔ ጠበል ትጠመቃለች። ከቦጂያ ቤትም የሚስቱ እህት አብራት ትሆንና ታያታለች። ከእኛ በኩል እናትህ ጠጅቱ ትሄዳለች። ጠበል ከመድኃኒት ጋር እንደማይቀላቀል አንተም ታውቃለህ፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ፊታቸው ክኒን ብትውጥማ ነገሩ ሁሉ ያበቃል።

ገለቴ አልፈለገችም ነበር። «አባዬ፣ ኢተፋን ሳትጠይቅ?» አለችኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ኢተፋ ቤይሩት ነው፣ እግዚአብሔር ግን እዚሁ ነው አልኳት። ክኒኑን ሣጥኔ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። አልጣልኩትም። ሱባዔው ሲያበቃ ትቀጥላለች፣ ማንም አያየንም። ይህን ያህል ማረፍ ምን ያመጣል? አራሽም እኮ በበዓል ያርፋል።

አትቆጣኝ። ልጄ ቤት እንዲኖራት ነው።

አጎትህ ቀጄላ


ቡራዩ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዶክተር ኢተፋ፣

የጾሙ በረከት ይድረስህ። ይህን የምጽፍልህ ከጠበሉ በላይ ካለች ጎጆ ተቀምጬ ነው። ስንቅ ላደርስላቸው መጥቼ ነው፤ ነገ እመለሳለሁ። ዝናቡ አላቋረጠም፣ ውኃው አጥንት ይበሳል።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ጠበሉ ሠርቶላታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ግን ማስታወክ ጀመረች። ቢጫ ነገር ታወጣለች። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ወጣላት! ወጣላት!» ብሎ እልል አለ። የቦጂያ ሚስት እህት እንኳ በዓይኗ አይታ አመሰገነች። ሆዷን ይቆርጣታል፤ ይህም በሽታው ሲለቅ ነው ይላሉ። ስትቆም ዓይኗ ይጨልምባታል፣ ጠጅቱ በብብቷ ደግፋ ታወርዳታለች። አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ነው። ትከሻዋ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ውኃ ቋጥሯል፤ ብዙ አይደለም።

የሚያጠምቁት አባት ጥሩ ሰው ናቸው። ሲያዩዋት ጊዜ ደነገጡና «የሐኪም መድኃኒት ነበራት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። የቦጂያ ሚስት እህት አጠገቤ ቆማ ነበር። የላትም አልኳቸው። እሳቸውም ወደ ሌላው በሽተኛ አለፉ።

ጠጅቱ ከትናንት ጀምሮ ትነጫነጫለች። «አንቱ ቀጄላ፣ ይህቺ ልጅ እጇ በረደኝ» ትለኛለች። በነሐሴ ጠበል ውስጥ የማን እጅ ይሞቃል?

አጎትህ ቀጄላ


ቴሌግራም
ከቤይሩት፣ ነሐሴ 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለቀጄላ ጃራ በዲኖ በኩል። ሰበታ።

የሐምሌ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ገለቴ ክኒኑን አሁኑኑ ትጀምር። ካስታወከች ወይም ከደከመች በመርፌ እንዲሰጧት ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ያድርሷት። ማቋረጡ ይገድላታል። ኢተፋ


ሰበታ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለኢተፋ፣

እግዚአብሔር አንተን በሕይወት ያኑርህ። ከዚህ ሌላ ምርቃት አላወጣ ብሎኛል።

ቴሌግራምህ በላክኸው ማግስት ነው የደረሰኝ። ዲኖ ራሱ ይዞልኝ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሎ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጠኝና «ኦቦ ቀጄላ፣ አላህ ያጽናዎት» አለኝ። እሱም አላነበበውም፤ የፈረንጅ ፊደል ነው። ግን ሁለታችንም አወቅነው። በዚህ አገር ቴሌግራም የሚመጣው ለመርዶ ነው። ከቤይሩት ደግሞ ከአንተ በቀር ምን ሰው አለን?

ኢተፋ፣ የሞትኸው አንተ መሰልኸኝ።

እናትህ ቡራዩ ጠበል ላይ ገለቴን ታስታምማለች። አንድ ልጇ ሞተ ብዬ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ገደል እንዴት ልንገራት? ብትሰማ ታብዳለች፣ ልጅቱም ሱባዔዋ ይፈርሳል። አስነብቤው ልወቅ ብል፣ መርዶ ያነበበ ሰው ፊቱ ያወራል፤ ከእኔ በፊት መንደሩ ይሰማ ነበር። መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሲነጋ ነው የሚነገረው። ስለዚህ እነሱ እስኪመለሱ ሳልከፍተው በደረት ኪሴ ይዤው ሰነበትኩ። ለተረፈች እንኳ አልነገርኳትም። በእርሻው ጥግ እየሄድኩ ለአንተ አለቅስ ነበር።

በፍልሰታ ዕለት ዲኖ በጭነት መኪናው አመጣቸው። ገለቴን ተሸክመን ጓዳ አስተኛናት። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «አባዬ፣ ጨረስኩ» አለችኝ። ጎበዝ አልኳት። ክኒኑን ልሰጣት አስቤ ነበር፣ እውነቱን ነው የምልህ። የቦጂያ ሚስት እህት ግን ከእኛ ጋር አድራ ጠዋት ልትሄድ ነው፤ ስትሄድ እሰጣታለሁ አልኩ። ልቤም በአንተ መርዶ ተይዞ ነበር።

ሲነጋ ሽማግሌዎቹ መጡ። የፈረንጅ ፊደል የሚያነበው የትምህርት ቤቱ መምህርም መጣ። እናትህ ገና ሲገቡ አይታ «ምን ሆናችሁ? ማነው? ልጄ ነው?» ብላ መሬት ተቀመጠች። መምህሩ ወረቀቱን ከፈተ። መጀመሪያ ያየው ከታች ያለውን ስም ነው። «ኢተፋ ነው የላከው! በሕይወት አለ!» አለ።

እናትህ እልል አለች። ተረፈች እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተቃቀፉ። እኔ የቤቱን ምሰሶ ይዤ አለቀስኩ። መምህሩ ግን ብቻውን የቀረውን ያነብ ነበር፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። «ጋሼ ቀጄላ፣ ዝም በሉና ስሙኝ» አለና አማርኛውን እየፈለገ ነገረን።

ቁልፉ ከአንገቴ አልወጣ ብሎኝ ገመዱን በጥርሴ በጠስኩት። ክኒኑን ውኃ ውስጥ አሟሙተን አፏ ውስጥ ጨመርን፤ በአገጯ ወረደ። ዲኖ መኪናውን አስነሳ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ «ገለቴ፣ ኢተፋ ደህና ነው፣ ኢተፋ ልኮልሻል» እላታለሁ። አንድ ጊዜ ዓይኗን ከፈተች። ዓለም ገና ከተማ ሳንደርስ አረፈች።

መኪናው ሲመለስ ለአንተ የተጠሩት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ነበሩ። እነሱው ቀበሩልኝ። ቦጂያም መጥቶ አፈር አልብሷል፤ ሲሄድ «ቀጄላ፣ ምነው በነገርከኝ» አለኝ። ልጁ ከመቃብሯ አልነሳም ብሎ በግድ ነው የወሰዱት።

ከእንግዲህ ክኒን አትላክ፣ ወረቀትም አትላክ። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ቴሌግራሙን ዲኖ በሰጠኝ ቀን ከፍቼው ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር ወይ? ትድን ነበር ካልከኝ አልቋቋመውም፤ አትድንም ነበር ካልከኝ ደግሞ አላምንህም። ቢሆንም ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።

አጎትህ ቀጄላ